ሁሉን እሺ ያለ ፊት

ልጆቼ፣ ልብስ ሲታጠብ የደበቀውን ሲተኮስ ይናገራል። የጋለ ካውያ ኮሌታ ላይ ሲያርፍ፣ እንፋሎቱ ይዞት የሚወጣውን ሽታ የሚያውቀው የሚተኩሰው ሰው ብቻ ነው። ትቻለሁ ብሎ በድብቅ የሚያጨስ ባል አለ። ታምሜ ነው የቀረሁት ብላ ሰርግ ቤት የዋለች ሠራተኛ አለች። ዕድሜዬን ካውያ ስገፋ የኖርኩ ሴት ነኝና የብዙ ሰው ገመና በአፍንጫዬ አልፏል። በአፌ ግን አላለፈም። ይህን አንዱን የማወራችሁ ባለጉዳይዋ ራሷ «ንገሪያቸው እትዬ፣ ለአንዷ ይጠቅማት ይሆናል» ስላለችኝ ነው።

ባለጉዳይዋ የታናሽ እህቴ ልጅ ናት። እኔ በምሠራበት ላውንደሪ፣ ከፊት ባንኮኒው ጋ ሆና ልብስ ትቀበላለች፣ ታስረክባለች። እናቷ ያወጣችላት ስም አላት፤ እኛ ግን የምንጠራት «እሺ» እያልን ነው። ይህን ያወጣላት አጣቢያችን ነው፤ እጁ ከውሃ፣ አፉ ከቀልድ የማይወጣ ሰው። ምን ቢጠይቋት መልሷ «እሺ» ነዋ። ሌባ መጥቶ ቦርሳሽን ስጪኝ ቢላት፣ እሺ፣ በፌስታል ላድርግልህ ወይ ነው የምትለው ይላታል። እሷም ትስቃለች። ምን ታድርግ፣ ቀልዱንም እሺ ብላ ነው የተቀበለችው።

ቆዳዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ስስ ነው። ሕፃን ሆና የሱፍ ብርድ ልብስ ጉንጯን ከነካው እንደቀላ ይውል ነበር። ዕድሜዋ ሲደርስ ደግሞ ብጉር መጣ። እኩዮቿን ጠይቆ ሲሄድ፣ እሷ ዘንድ ጓዙን ጠቅልሎ ገባ፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን ተከራየ። ክፋቱ ሁለቱ አመል አንድ ፊት ላይ መገናኘታቸው ነው። ብጉሩን የሚያደርቀው ነገር ቆዳዋን ያቃጥለዋል፤ ቆዳዋን የሚያለሰልሰው ደግሞ ብጉሩን ይቀልበዋል።

ፊት ደግሞ የብቻ አይደለም። ወገቤን አመመኝ ስትዪው «እግዜር ይማርሽ» ብሎ የሚያልፍ ሰው፣ ፊትሽ ላይ አንድ ነገር ሲያይ ሐኪም ሆኖ ቁጭ ይላል። እህቴ ሎሚ ገዛች፤ ጠዋት ጠዋት ግማሹን ቆርጣ፣ እሷው ቆማ እያየች ታስቀባታለች። ጎረቤታችን ሴትዮ የጥርስ ሳሙና ጠብ አድርጊበት፣ አድሮ ይደርቃል አለቻት። አጣቢው ስኳር በዘይት ለውሶ በብልቃጥ አመጣላት፤ እሱ መቼም ያልተፈተገ ነገር የጠራ አይመስለውም። ልጅቷም በበኩሏ ስልኳ ላይ የሚያወሩትን ልጆች እየሰማች፣ ከአቅሟ የማይወጣውን እየመረጠች ትገዛለች። የብጉር ማጠቢያ፣ ጠባሳ የሚያጠፋ ውሃ፣ ስሙን አንብቤ የማልጨርሰው ጠብታ። ርካሽ ስለሆነ ይበዛል፤ ስለሚበዛ ይደራረባል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ወንድማችን አለ። የአውቶቡስ ሹፌር ነው። የእሺ አባት ከሞተ ወዲህ ትምህርት ቤት ያስገባት፣ ስትታመም ያስታመማት፣ አባት የሆነላት እሱ ነው። «ጋሼ» ትለዋለች። አንድ እሑድ ከሩቅ መንገድ ሲመለስ ወርቃማ ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ ክሬም ይዞላት ገባ። ክዳኑ ሲከፈት ሽታው ቤቱን ሞላው። ጽጌረዳ ነው ቫኒላ ነው አይባልም፤ ብቻ በሩም መስኮቱም ተከፍቶ አይወጣም። ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር ግንባሯን ስሞ በአፍንጫው አየር ይስባል። ተቀብታው እንደሆነ ያውቃል፤ ደስ ብሎት ይቀመጣል።

እሺም ለሁሉም እሺ አለች። ሎሚውን ስለ እናቷ፣ የጥርስ ሳሙናውን ስለ ጎረቤቷ፣ ስኳሩን ስለ አጣቢው፣ ክሬሙን ስለ አጎቷ ብላ ተቀባች። ለሰጣት ሰው ሁሉ ፊቷ ላይ ቦታ አላጣችም። እያደር ግን ጉንጯ ይላጥ ጀመር። ስትታጠብ ተራ ውሃ ያቃጥላታል። ከባንኮኒው ጎን ደንበኞች ልብሳቸውን ለክተው የሚያዩበት ረጅም መስታወት አለን፤ እሱ ላይ ሁልጊዜ የሆነ ሰው ካፖርት ተሰቅሎ ይውል ጀመር። ማን እንደሚሰቅለው እናውቃለን፤ ማንም አልተናገረም።

በዚሁ መካከል አለቃችን ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍት መሆኑን ነገረን። ባንኮኒውን በኃላፊነት የሚይዝለትን ሰው ከእኛው መካከል እንደሚመርጥም ተናገረ። በዚያ ሳምንት ከእሺ ጋር የሆቴል አንሶላ ስናጥፍ፣ ጫፍና ጫፍ ይዘን ስንቀራረብ፣ በሹክሹክታ «እኔን በመረጠኝ» አለችኝ። ይህች ልጅ አንድ ነገር ፈለግሁ ብላ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም ነበርና አንሶላው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ጠዋት ራሷ የምትከፍተው በር፣ እንደ ልቧ የምትደረድረው መደርደሪያ። የፈለገችው ይህን ብቻ ነው። ወዲያው ግን እጇ ወደ ጉንጯ ሄደ። በዚህ ፊት ማን ደጅ ላይ ያቆመኛል አለች።

ከዚያ በኋላ ደንበኛ ሲመጣ በላስቲክ ከተሸፈኑት ልብሶች ጀርባ ሆና ትመልስ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ልብሳቸውን ሊወስዱ መጥተው ድምፅ ሰምተው ሰው ሲያጡ፣ ከተሰቀሉት ወደ አንዱ ጎንበስ ብለው «ካፖርቱ ራሱ ነው እንዴ የሚያናግረኝ?» አሉ። አጣቢው ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ጓዳ ሮጠ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ከደንበኞቻችን አንዷ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ነጭ ጋዋኖቿን የምታሳጥበው እኛ ጋ ነው። ጋዋኖቿን ሳስረክባት ጠጋ ብዬ ነገሩን ነገርኳት። ፊቷን የሚነካውን ነገር ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ በፌስታል አድርጋ ይዛልኝ ትምጣ አለችኝ።

ይዘን ሄድን። ፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ ሲገለበጥ አንዱ ብልቃጥ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሴትዮዋ አንድ በአንድ እያነሳች ጀርባ ጀርባቸውን አነበበች። መጨረሻ ላይ ሎሚውን አነሳች። አንድም ሳይቀር ስላለችን ሎሚውንም ይዘን ነበር የሄድነው።

«ይሄን ሁሉ ማነው ያዘዘልሽ?» አለቻት።

«ማንም አላዘዘልኝም» አለች እሺ። «ሰጡኝ።»

ሴትዮዋ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። ቆዳ ከላዩ እንደ ክዳን የሆነ ነገር አለው፣ ያንቺ ክዳን ተፍቆ አልቋል፣ ውሃ እንኳ የሚያቃጥልሽ ለዚህ ነው ብላ አስረዳቻት። ብጉሩን ለጊዜው እንተወው፣ መጀመሪያ ክዳኑ ይመለስ አለች። ስለዚህ ሁሉንም ታቆማለች። በቦታው ከመደርደሪያዋ አወረደችላት፦ ሽታ የሌለው ለስላሳ መታጠቢያ፣ ሽታ የሌለው ተራ ማለስለሻ፣ ቀን ቀን የሚቀባ የፀሐይ መከላከያ። ማሸጊያቸው የሚያምር አልነበረም፤ ከፌስታሉ ውስጥ ካለው ከአብዛኛው ይረክሳሉ። እሺ ግራ ገብቷት ስታያቸው ሴትዮዋ ገባት። በርካሽነታቸው አትናቂያቸው፣ ቆዳ ዋጋ ማንበብ አይችልም አለቻት።

እነዚህንም ቢሆን እንዲሁ እንዳትለቀለቂያቸው አለች። መጀመሪያ ከመንጋጋሽ ሥር ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሪ፣ ጥቂት ቀን ጠብቂ፣ ቆዳሽ ካልተቆጣ ወደ ፊትሽ አምጪው። ረጋ ሲል ለብጉሩ አንድ መድኃኒት እንጨምራለን፤ አንድ ብቻ፣ እሱም በጥቂቱ፣ በየሁለት ቀኑ። ካልተሻለሽ፣ ወይም ውስጥ ውስጡን እያበጠ የሚያምሽ ከሆነ ግን የእኔ ነገር አይበቃሽም፣ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ትሄጃለሽ አለቻት።

በመንገድ ላይ ሳስበው ነገሩ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። እኛም የማናውቀው ጨርቅ ሲመጣ ካውያውን መጀመሪያ የምናሳርፈው ከማይታየው እጥፋት ላይ ነው። እድፍ አልለቅ ሲልም በአንዱ ማስለቀቂያ ላይ ሌላውን እየደፋ የሚታገል ሰው፣ እድፉን ትቶ ጨርቁን ነው የሚያስለቅቀው። ይህን ለእሺ ስነግራት ቆም ብላ አየችኝ፤ ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም አለች። ፊትና ሸሚዝ ዘመድ መሆናቸውን በምን ላውቅ ልጄ አልኳት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ፊቷ ረጋ። ብጉሩ አልጠፋም፤ ቅላቱ ግን በረደ፣ መላጡ ቆመ። የሎሚውን ነገር ለእህቴ እኔው ነገርኳት፤ ትንሽ አኩርፋ ሎሚዋን ወደ ሻይዋ መለሰች። አጣቢውም የስኳር ብልቃጡ ከዚያ ወዲህ እንዳልተነካ ሲያይ ወስዶ እጁን አሸበት። እሺ ከላስቲኮቹ ጀርባ ቀስ በቀስ ወጣ ወጣ ማለት ጀመረች።

ታዲያ አንድ ሰኞ ጠዋት ፊቷ እንደገና ነዶ መጣች። ሳምንቱ ሲጋመስ በረደላት። ቀጥሎ ያለው ሰኞ ሲመጣ ግን አሁንም ያው። ምን ነክቶሽ ነው ስላት እንጃ እትዬ፣ የእኔ ቆዳ መዳን አይወድም አለችኝ። የመድኃኒት ቤቷን ሴትዮ ጠይቂያት ስላት እሺ አለች። አልሄደችም። አለቃችን የሚመርጥበት ጊዜ እየቀረበ ነው፤ ካፖርቱ መስታወቱ ላይ ተመልሶ ተሰቀለ።

ጨነቀኝና አለቃችን ቢሮ ገባሁ። ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ልጅቷ እየዳነች መሆኗን፣ ፊቷ እስኪያገግም ትንሽ ቢታገሣት እንደማይከፋ ለመንኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና አየኝ።

«እትዬ፣ እኔ ስለ ፊቷ መቼ አነሳሁ?»

ወንበር ሳብ አድርጎልኝ ቀጠለ።

«እኔን የያዘኝ ፊቷ አይደለም። ለመጣው ሁሉ ነገ ይደርሳል ትላለች። ሙሽራው ነገ፣ ባለ መጋረጃዋ ነገ፣ ሆቴሉም ነገ። እዚህ እርስዎ አሉላት፣ አምሽተው ያወጧታል። እዚያ ማን አለላት?»

እውነቱን ነው። በእሷ እሺታ የተነሳ ካውያዬን ሳልነቅል ያመሸሁበትን ጊዜ የማውቀው እኔ ነኝ። ሰው እንዳይከፋባት ብላ የማይሆነውን ትቀበላለች፤ ማግስቱን ደግሞ ሁሉም ይከፋባታል፤ እሷም የከፉባት በፊቷ ምክንያት ይመስላታል።

ወደ መተኮሻ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ከተደረደረው ውስጥ ከቤት ያመጣሁት የእሺ ነጭ ሸሚዝ ነበር፤ እሑድ እሑድ የምትለብሰው። ካውያውን ኮሌታው ላይ ሳሳርፍ እንፋሎቱ ተነሳ። አብሮት ያ ጽጌረዳ ነው ቫኒላ ነው የማይባለው ሽታ ፊቴ ላይ መጣ። ታጥቦ ነበር፤ ግን ቅባት ያለው ነገር በውሃ አይሸነገልም። ካውያውን አቁሜ ቆምኩ።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ወንድሜ ሩቅ መንገድ ላይ በነበረባቸው ሳምንታት ፊቷ ረግቶ ነበር፤ ተመልሶ እሑድ እሑድ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ግን፣ ከመምጣቱ በፊት ያንን ክሬም ትቀባለች። ግንባሯን ስሞ አየር ሲስብ ደስ እንዲለው። ሰኞ ፊቷ ይነዳል፤ ሳምንቱን ሙሉ ስታበርደው ሰንብታ እሑድ መልሳ ትለኩሰዋለች። ፊቷን የሚያቃጥለውና የአዲሱን ሱቅ ባንኮኒ የሚያስነጥቃት አንድ ነገር ነው ለካ፦ እሺታዋ።

ማድረቂያው ክፍል ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ እየቆለፈች አገኘኋት። ኮሌታሽ ነገረኝ አልኳት። እጇ ቁልፉ ላይ ቆመ።

«እሱ እኮ ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ፣ ደክሞት፣ ለእኔ ብሎ ወርዶ ነው የገዛው» አለች። «አልቀባውም ካልኩት፣ ያሳደገኝን ሰው እጅ ገፋሁት ማለት አይደለም እትዬ?»

አለቃችን ያለኝንም አልደበቅኳትም። ፊትሽን አላነሳውም፣ እሺታሽን ነው ያነሳው አልኳት። ይህን ስትሰማ እንደደነገጠችው ሌላ ጊዜ ስትደነግጥ አይቻት አላውቅም። ስንት ዘመን ፊቷን ስትወቅስ የኖረች ልጅ ናት፤ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ሲገኝ ያው ግራ ያጋባል። የያዘችውን ሸሚዝ ቁልፍ ሁሉ ከላይ እስከ ታች ቆልፋ፣ ሳታውቀው መልሳ ፈታችው።

ይሉኝታን እንድትጥል አልመከርኳትም፤ እንደሱ አይምሰላችሁ ልጆቼ። ይሉኝታ ከሌለ ሰው ከሰው ጋር አይኖርም። ያልኳት ይህን ብቻ ነው፦

«እምቢ ማለትንም እንደ ክሬሙ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሪው። ከሚወድሽ ሰው ጀምሪ። እሱ ጨርቁ ወፍራም ነው፣ ቶሎ አይቃጠልም።»

እሑድ ወንድሜ መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ግንባሯን ሳመ፣ አየር ሳበ። እንደገና ሳበ። ክሬሙ አለቀ እንዴ፣ ነገ መንገድ ስለምወጣ ላምጣልሽ አላት። እህቴ እኔን አየችኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። እሺ የያዘችውን የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አላለቀም ጋሼ። አልቀባውም። ያቃጥለኛል።»

ወንድሜ ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አደረገ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ።

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ እሑድ እሑድ የሚሸተኝስ?»

«አንተ ደስ እንዲልህ ብዬ ነው።»

ወንድሜ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዙሮ አዙሮ አስቀመጠው። ይከፋዋል ብለን ነበር፤ ከፋውም። የከፋው ግን እኛ በፈራነው በኩል አልነበረም። ስለ ቅባት እሱ ምን እንደሚያውቅ ጠየቀን። ባለሱቁ ውድ ነው ሲለው ጥሩ መስሎት ነው እንጂ፣ ከዚያ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። የአውቶቡስ መሪ ዘይት ከሆነ ያማክሩት። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልጄ፣ እኔን ደስ ለማሰኘት ብለሽ ስትቃጠዪ ኖረሽ፣ እኔም እያሸተትኩ ደስ ሲለኝ ኖሬ? ሁለተኛ እንዲህ ያለ ስጦታ አትስጪኝ።»

ካርቶኑን አምጪው ብሎ ተቀበላትና ኪሱ ከተተው። በሚቀጥለው እሑድ ጫማውን ሲያወልቅ ቤቱ በጽጌረዳ ታወደ። ለተሰነጠቀ ተረከዙ አውሎት ኖሯል። ተሳፋሪው ሁሉ ሙሽራ የጫነ እየመሰለው ዞር ዞር እያለ ይፈልጋል አለን። እሺ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ እንባው ጉንጯን ሳያቃጥላት ሲወርድ ያየሁት ያኔ ነው።

ያ ቀላሉ ነበር። ያሳደገሽ ሰው ይቅር ይላል፤ ደንበኛ ግን አላሳደገሽም። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ቀጭን ረጅም ሰው ሙሉ ልብሱን ይዞ ገባ። ነገ ጠዋት ስብሰባ ስላለው ታጥቦ ተተኩሶ እንዲደርስለት ፈለገ። እኔ ከጀርባ ካውያዬን እንደያዝኩ ጆሮዬን ጣልኩ። አጣቢው ቧንቧውን ዘጋ። እሺ ባንኮኒው ጋ ነበረች፣ ከላስቲኮቹ ፊት ለፊት። አገጯ ላይ አዲስ ብጉር ወጥቶባት ነበር። እጇ ወደዚያ ሊሄድ ተነሳና ተመልሶ ባንኮኒው ላይ አረፈ።

«ለነገ አይደርስም» አለችው። «ለነገ የያዝነው ሞልቷል። ከፈለጉ ኮቱን ብቻ አሁን በእንፋሎት እንተኩስልዎታለን፣ ቁጭ ብለው ይወስዱታል። ሱሪው ከነገ ወዲያ ነው።»

ሰውየው ተቆጣ። ሌላ ቦታ ይሠሩልኛል አለና ልብሱን ሰብስቦ ወጣ። የእሺ ፊት ቀላ፤ ይሄኛው ቅላት የክሬም አልነበረም። ባለችበት ቆመች። ከአፍታ በኋላ በሩ ተከፈተና ሰውየው ተመልሶ ኮቱን ብቻ ባንኮኒው ላይ ጣለ። ቶሎ በይ አላት። ቶሎ የምለው እኔ ነበርኩና ካውያዬን አነሳሁ።

አጣቢው አንገቱን በበሩ አስግጎ፣ እሺ ማለት ከተውሽ እንግዲህ ሌላ ስም ልናወጣልሽ ነው አላት።

«እሺ» አለችው።

አለቃችን ያን ጊዜ ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር። ሰምቶ እንደሆን አልሰማም እንደሆን ፊቱ አይናገርም። ወደ ቢሮው ገባ። ማታ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ግን እሺን ጠራትና፣ አዲሱ ሱቅ ውስጥ መደርደሪያው ከመስኮቱ በኩል ይሁን ወይስ ከበሩ በኩል ብሎ ጠየቃት። አሰብ አድርጋ፣ መስኮቱ ጋ ከሆነ ፀሐይ የልብሱን ቀለም ይበላዋል፣ በበሩ በኩል ይሁን አለች። እሱም ጥሩ አለ። ከዚያ ሌላ ምርጫ የሚባል ነገር ሲደረግ አላየንም። በዚያ ምሽት ካፖርቱን ከመስታወቱ ላይ አውርዳ ለባለቤቱ ጠቀለለችው።

ፊቷ ድኗል ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ አንዱን መድኃኒት ጨመረችላት፤ እየቀነሰላት ነው፣ ቀስ ብሎ። ብጉሩ ተመልሶ የሚወጣበት ሳምንትም አለ። ያኔ ያችኑ መታጠቢያዋን፣ ያችኑ ማለስለሻዋን ይዛ ትጠብቃለች እንጂ አዲስ ብልቃጥ ፍለጋ አትሮጥም። ሰው አሁንም ይመክራታል። አመሰግናለሁ ትላለች፣ አልቀባውም ትላለች፣ ከዚያ ስለ ልጆቻቸው ትጠይቃቸዋለች።

አሁን የራሷን በር ከፍታ ነው የምትውለው። ሸሚዞቿን ግን ሌላ ሰው እንዲተኩሳቸው አልፈቀድኩም፤ ሳምንት በሳምንት ወንድሜ ያመጣልኛል። ካውያውን ኮሌታው ላይ ሳሳርፍ ከልማድ የተነሳ አፍንጫዬን ጠጋ አደርጋለሁ። እንፋሎቱ ይነሳል። ጨርቅና ውሃ ብቻ ይሸታል።